መልስ፦ የ1951ዱ የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን ለምን አልተጋበዘም?

የቡድኑን ስም ከዝርዝሩ ብታጣው «ገጽ ጎድሎኝ ይሆን?» ብለህ ጠይቀሃል፤ የጎደለህ ገጽ የለም። የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን እ.ኤ.አ. በ1951 ዘጠኙንም ጨዋታ አሸንፎ ሳለ ስሙን ከኦሬንጅ ቦውል (የተመረጡ የኮሌጅ ቡድኖች በግብዣ የሚገናኙበት የዓመቱ መዝጊያ ጨዋታ) ዝርዝር ያጣኸው፣ በእርግጥም ስላልተጋበዘ ነው። ምክንያቱ የቆዳ ቀለም ነው። ከቡድኑ ተጫዋቾች ኦሊ ማትሰንና በርል ቶለር ጥቁሮች ነበሩ። ተጫዋቾቹ በኋላ እንደመሰከሩት፣ ሁለቱን ትተው ከመጡ እንደሚጋበዙ ተነገራቸው፤ አንድም ሰው ሳያቅማማ እምቢ አሉ።

«ተጋጣሚዎቻቸው ደካማ ስለነበሩ ይሆን?» ያልኸውን ግን ተወው። ማትሰን በዚያ ዓመት ኳስ ይዞ 1,566 ያርድ ሮጦ ከአገሪቱ የኮሌጅ ተጫዋቾች አንደኛ ወጣ፤ በማግስቱ ዓመት በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በሩጫ ሁለት ሜዳሊያ አገኘ። እሱና የቡድን ጓደኞቹ ጂኖ ማርኬቲና ቦብ ሴንት ክሌር የፕሮፌሽናል ፉትቦል የክብር አዳራሽ ገብተዋል። ከአንዲት ትንሽ ኮሌጅ፣ በአንድ ዓመት ቡድን ሦስት ሰው! ቶለር ጉልበቱ ተጎድቶ መጫወት ቢያቅተው፣ በ1965 የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ) የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆነ። ዩኒቨርሲቲው ግን ገንዘብ አጥሮት ቡድኑን ወዲያው በተነው። ይህ አሁንም ያንገበግበኛል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፤ እኔም ተሳስቼበታለሁ። ኦሬንጅ ቦውል ያኔ የሚካሄደው ጃንዋሪ 1 ቀን ስለነበር፣ የ1951 የውድድር ዓመት ጨዋታ የሚገኘው በ1952 ሥር ነው። እኔ ክሌምሰን ማያሚን 15 ለ14 ያሸነፈበትን ይዤ ብዙ ምሽት ደከምሁ፤ ያ የቀደመው ዓመት ነው። አንተ የምትፈልገው ጆርጂያ ቴክ ቤይለርን 17 ለ14 የረታበትን ነው።