ጫናው የት ላይ ይረፍ?

ጥያቄ፦ ጎንደር ውስጥ የአስጎብኚነት ሥልጠና ላይ ነኝ። የእንግሊዝኛ ሰዋስው አያስቸግረኝም። ሆኖም ‹‹ሂስቶሪካል››፣ ‹‹ኤፒፋኒ››፣ ‹‹ፎቶግራፈር›› ስል የውጭ እንግዶች ያስደግሙኛል። ምን እያጠፋሁ ነው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ፊደላቱን አልሳቱም፤ ክፍለ ቃላቱን ሁሉ እኩል እያነበቡ ነው። በአማርኛ እያንዳንዱ ክፍለ ቃል ድርሻውን ይዞ ይነገራል። እንግሊዝኛ ግን ከቃሉ አንዱን መርጦ ረዘምና ጎላ ያደርገዋል (ይህ ነው ጫና የምንለው)፤ የቀሩትን ያደበዝዛል። ሰሚው ቃሉን የሚይዘው በጎላው በኩል ስለሆነ፣ ጫናው ቦታውን ሲስት ሌላ ቃል የሰማ ይመስለዋል።

ቀጥሎ ‹ˈ› የሚለው ምልክት ከፊቱ የተደረገበት ክፍለ ቃል ጫናውን የሚሸከመው ነው፤ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ መዝገበ ቃላትም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሦስቱን ዘመዳሞች ጮክ ብለው ያንብቡ፦ ˈፎ-ተ-ግራፍ (ሥዕሉ)፣ ፈ-ˈቶ-ግረ-ፈር (አንሺው)፣ ፎ-ተ-ˈግራ-ፊክ (ቅጽሉ)። ጫናው ሲዛወር አናባቢውም አብሮ ይለወጣል፤ ‹‹ቶ›› የነበረው ‹‹ተ››፣ ‹‹ፎ›› የነበረው ‹‹ፈ›› ይሆናል። ይህ የደበዘዘ ድምፅ ከእኛ ግዕዝ አናባቢ (ለ፣ መ፣ ሰ) ብዙም ስለማይርቅ ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ አይደለም። የጥምቀት ዕለት የሚፈልጉት ቃልም እ-ˈፒ-ፈ-ኒ ነው እንጂ ‹‹ፋ››ው ላይ አይረግጥም።

ብዙ ጊዜ ቦታውን የሚነግርዎ የቃሉ መጨረሻ ነው። በ‹‹ሽን›› የሚያልቁ ቃላት ጫናቸው ከ‹‹ሽን›› በፊት ባለው ላይ ነው፦ ኤ-ጁ-ˈኬ-ሽን። ‹‹ኢክ››፣ ‹‹ኢካል›› እና ‹‹ኢቲ››ም እንዲሁ፦ ሂስ-ˈቶ-ረ-ከል፣ ዩ-ኒ-ˈቨር-ሰ-ቲ። ˈአ-ረ-ቢክ እና ˈካ-ሰ-ሊክ ከሕጉ ያፈነገጡ ናቸውና ለብቻቸው ይያዙ። በ‹‹ግራፊ›› እና በ‹‹ሎጂ›› የሚያልቁት ከመጨረሻ ሦስተኛው ላይ ይጫናሉ፦ ጂ-ˈዮ-ግረ-ፊ፣ ባ-ˈዮ-ለ-ጂ።

ለአስጎብኚ ከሁሉ የሚከፋው የ17 እና የ70 ነገር ነው። ቁጥሩ ብቻውን ሲነገር 17 ሴ-ቨን-ˈቲን፣ 70 ደግሞ ˈሴ-ቨን-ቲ ነው። ‹‹17ኛው ክፍለ ዘመን›› ሲሉ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ˈሴን-ቸ-ሪ ከፊቱ ስለሚጫን የ17ም ጫና ወደ መጀመሪያው ይሸሻል። ያኔ የሚለየው ረጅሙ ‹‹ቲ›› እና የማይዋጠው ‹‹ን›› ብቻ ነው። ስለ ከተማዋ መቆርቆር ሲያስረዱ እ.ኤ.አ. 1636 የሚለውን ዓመትም ቢጨምሩበት ጥርጣሬ አይኖርም።

አንድ ወጥመድ አለ። አጽንኦት ስጡ ሲባል ብዙዎቻችን ተነባቢውን እናጠብቃለን። በአማርኛ ‹‹ገና›› ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ‹‹አሁንም›› ማለት ነው፤ እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ውስጥ እንዲህ አይለይም። ሁለት ፊደል ተደርቦ የተጻፈበት ˈሰ-መር (በጋ) እና ˈሃ-ፒ (ደስተኛ) እንኳ ላልተው ነው የሚነበቡት። የሚረዝመው አናባቢው ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ያለው ‹‹ሪከርድ›› አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ ሲጫን እሰማለሁ። ትክክሉ የቱ ነው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ሁለቱም። ስም ሲሆን ከፊት (ˈሬ-ኮርድ)፣ ግሥ ሲሆን ከኋላ (ሪ-ˈኮርድ)። ስጦታው ˈፕሬ-ዘንት፣ ማቅረብ ፕሪ-ˈዜንት፤ የፈቃድ ወረቀቱ ˈፐር-ሚት፣ መፍቀድ ፐር-ˈሚት። ለሁሉም ቃል ግን አይሠራም፦ ˈቪ-ዚት እና ˈአን-ሰር ሁልጊዜ ከፊት፣ ሪ-ˈስፔክት እና ሪ-ˈፖርት ሁልጊዜ ከኋላ ናቸው።

ጥያቄ፦ ያለ አስተማሪ እንዴት ልለማመድ? መዝገበ ቃላቱም አንዳንዴ እርስ በርስ አይስማሙም። (ከማራኪ)

መልስ፦ የማይስማሙት የእንግሊዝና የአሜሪካ አነባበብ ስለሚለያይ ነው፤ ˈጋ-ራዥ ያለው እንግሊዛዊው፣ ገ-ˈራዥ ያለው አሜሪካዊው ነው። አንዱን መርጠው ይጽኑበት። ልምምዱን ከጫናው ይጀምሩ፦ ለምሳሌ ‹‹ፈ-ˈቶ-ግረ-ፈር›› ለማለት መጀመሪያ ‹‹ˈቶ››ን ብቻዋን አስረዝመው ይበሉ፤ ቀጥሎ ‹‹ˈቶ-ግረ-ፈር››፤ በመጨረሻ ‹‹ፈ››ን ከፊት በስሱ ይጨምሩ። ከዚያ በስልክዎ ቀድተው ከመዝገበ ቃላቱ ድምፅ ጋር ያስተያዩ። በቀን አምስት ቃል ይበቃል፤ ነገር ግን ቃሉን ለብቻው አይተዉት፣ ሥራ ላይ በሚናገሩት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብተው ይድገሙት።