አንድ ሜትር ከመጨመራችሁ በፊት ግድቡ ላይ ሂዱበት

ጥያቄ፦ ወንዝ ዳር በቆሎና ሽንኩርት የምናመርት 30 ገበሬዎች ነን። ከ4 ዓመት በፊት በእርዳታ ገንዘብ የአፈር ግድብ ተሠራልን። ሦስት ክረምት ያዘልን፤ ባለፈው ግን ጎርፉ ጥሶት ገባ። አሁን ግማሹ ሰው አንድ ሜትር እንጨምርበት ይላል። ግማሹ ደግሞ ገንዘብ የለንም፣ የሠራው ያድሰው ይላል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ማንም ገንዘብ ከማዋጣቱ በፊት ተሰብሰቡና ግድቡ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግራችሁ ሂዱ። የፈረሰውን ብቻ ሳይሆን የቀረውንም እዩ።

ብዙ ጊዜ ቀድሞ እጁን የሚሰጠው ከብት የሚሻገርበት ቦታ ነው። ላሞቹ ውሃ ሊጠጡ ሲወርዱ በየቀኑ በአንድ መስመር ያልፋሉ። ሳሩ ይጠፋል፤ ሰኮናቸው አፈሩን ይፈጨዋል፤ አናቱ አንድ ስንዝር ዝቅ ይላል። ስንዝር ምን አላት ትሉ ይሆናል። ወንዙ ሲሞላ ግን ውሃው መጀመሪያ የሚያልፈው በዚያች ስንዝር ነው። ሲያልፍ አፈሩን እየጠረገ ያሰፋታል፤ ሳይነጋ ስንዝሯ በር ትሆናለች። ይህን ሳታስተካክሉ አንድ ሜትር ብትጨምሩ ላሞቹ እሱንም ይረግጡታል።

ሌላው ጠላት የአይጥ ጉድጓድ ነው። ወንዙ ሞልቶ ሳለ በማሳው በኩል ከግድቡ ግርጌ ውሃ ሲፈልቅ ካያችሁ ቀለሙን ልብ በሉ። ጥርት ያለ ከሆነ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ጠብቁት። ከደፈረሰ ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው። ያን ጊዜ ቀዳዳውን አትድፈኑ፤ ውሃው ሌላ መውጫ ይፈልጋል። ዙሪያውን አሸዋ በተሞላ ጆንያ ክበቡት። ውስጡ የሚጠራቀመው ውሃ ከፍ ሲል ፍልቀቱን መልሶ ይጫነዋል። ጠርቶ መውጣት ሲጀምር ጆንያ መጨመሩን አቁሙ።

ጥገናው ላይ ብዙ አልልም። አፈሩን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር እያነጠፋችሁ፣ ትንሽ እያረጠባችሁ ጠቅጥቁት። ዝም ብሎ የተከመረ አፈር ይሰምጣል። ላዩን ሳር አልብሱት፤ ዛፍ አትትከሉበት። የሞተ ዛፍ ሥር ሲበሰብስ የውሃ መንገድ ይሆናል።

ከፍታው ላይ ግን ስጋታችሁ መሠረት አለው። አየር በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ እርጥበት የመያዝ አቅሙ በ7 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ዶፉ ሲመጣ ከለመዳችሁት በላይ ሊሆን ይችላል። ችግሩ፣ ግድብ ባስረዘማችሁ ቁጥር ውሃውን ወደ ማዶ ጎረቤት ትገፉታላችሁ። የረዘመ ግድብ ሲሰበር ደግሞ የሚለቀው ውሃም ይብሳል። እኔ ብሆን ውሃው የሚገባበትን ቦታ ራሴ እመርጥለታለሁ። ዝቅተኛው ማሳ አጠገብ የግድቡን አናት ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ በድንጋይ አልብሱት፤ ውሃው ሲቀንስ የሚወጣበት ቦይም ይኑረው። ማሳው ላይ በቆሎ ይቅር፣ የመኖ ሳር ይዘራበት። ባለቤቱ ለሁላችሁ ሲል ምርት እያጣ ነውና ከመዋጮው ይካስ። ይህን ሳትነጋገሩ ማሳው ላይ ውሃ ብትለቁበት፣ ሌሊት ዶማ ይዞ መጥቶ መግቢያውን ቢደፍነው አልፈርድበትም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። «የሠራው ያድሰው» የሚሉት እውነት አላቸው፤ ግን ብዙ ይጠብቃሉ። እርዳታ አዲስ ግንባታ ይወዳል። ለአይጥ ጉድጓድ ሪባን የሚቆርጥ አላየሁም። የየዓመቱ እድሳት የእናንተው ነው። መዋጮውን ምርት እንደተሸጠ፣ እጃችሁ ላይ ገንዘብ ሳለ ሰብስቡ። ክረምት ገብቶ ማን ይሰጣችኋል? በነፍስ ወከፍ እኩል አታድርጉት። ግድቡ የሚጠብቅለት 1 ሄክታር ያለው ሩብ ሄክታር ካለው አራት እጥፍ ይክፈል። ገንዘብ ያጠረው በቀን ሥራ ይክፈል፤ የአንዱ ቀን ዋጋ ግን አስቀድሞ ይወሰን። ሒሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ብቻ ይውጣ፤ ለማንም አይበደር።

እንደ ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ቅርጫት) ያለው ከአቅማችሁ በላይ ነው፤ እሱን ከመንግሥትም ከድርጅትም ጠይቁ። ስትሄዱ ግን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ወንዙ ዳር ምልክት ያለው እንጨት ትከሉና ውሃው የት ድረስ እንደወጣ ከነቀኑ ጻፉ። ምን እንዳወጣችሁ፣ ስንት ቀን እንደሠራችሁም ይኑርበት። ፎቶም አንሱ። እንዲህ ያለ ደብተር የያዘ ሰው ባዶ እጁን አቤት ከሚለው ቀድሞ ይሰማል።

የመጀመሪያው መዋጮ ለምን ይዋል ካላችሁኝ፣ ለላሞቹ መሻገሪያ ነው። አንድ ቦታ ምረጡ። በሁለቱም በኩል ለዘብ ያለ መውጫና መውረጃ ሥሩለት፤ አናቱን ከሌላው ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ድንጋይ አንጥፉበት። የቀረውን ግድብ በእሾህ እጠሩት። እረኞቹንም ስብሰባው ላይ ጥሯቸው፤ ላሞቹ የት እንደሚያልፉ ከእናንተ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።