ዘመድ መጥቶባችሁ የት ልውሰደው ለምትሉ፦ አሌክሳንድሪያና ዲሲ

ሰላም! አሌክሳንድሪያ ስል የቨርጂኒያዋን ነው፣ ከዲሲ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያለችውን። ሰፈሬ ነች፤ ጠይቁኝ።

ጥ፦ እናቴን ጉልበቷን ያማታል። የአሌክሳንድሪያ አሮጌው ሰፈር፣ ኦልድ ታውን፣ ይሆናታል?
መ፦ በደንብ። ከኪንግ ስትሪት ሜትሮ ጣቢያ እስከ ወንዙ ዳር የሚወስድ ነፃ ትሮሊ አለ፣ መንገዱን ሁሉ ከመራመድ ያድናችኋል። ወንዙ ዳር ቶርፒዶ ፋክተሪ አለ፤ ድሮ የባሕር ኃይል ቶርፒዶ ይሠራበት ነበር፣ ዛሬ ሠዓሊዎች እንግዳ እያዩአቸው ይሥሉበታል። መግቢያው ነፃ ነው። ካፕቴንስ ሮው የሚባለውን መንገድ ግን ከዳር ሆናችሁ ፎቶ አንሡ። የጥንቱ ድቡልቡል ድንጋይ እስካሁን አልተነሣም፣ እንኳን የታመመ ጉልበት የጤነኛም ቁርጭምጭሚት ያጥፋል።

ጥ፦ አባባ ታሪክ ይወዳሉ። የፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ቤት፣ ማውንት ቬርነን፣ ይበቃቸዋል?
መ፦ ማውንት ቬርነን ግማሽ ቀን ይፈልጋል፣ ደስ ይላቸዋል። ከዚያ በፊት ግን ዱክ ስትሪት ላይ ፍሪደም ሃውስን አሳዩአቸው። እ.ኤ.አ. ከ1828 ጀምሮ ፍራንክሊንና አርምፊልድ የተባሉ ነጋዴዎች ሰው ሰብስበው ወደ ደቡብ ለባርነት የሚሸጡበት ቤት ነበር። አሁን ሙዚየም ነው። ብዙ ሰው ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ሳያየው ይመለሳል፣ ያናድደኛል።

ጥ፦ ልጆችስ?
መ፦ ክዊን ስትሪት ላይ ያለውን ሰማያዊ ቤት አሳዩአቸው። ወርዱ 2 ሜትር ገደማ ብቻ ነው! በ1830 የጎን ቤቱ ባለቤት እዚያ በነበረው መተላለፊያ የሚያልፈው ሰውና ጋሪ ቢሰለቸው ቤት ሠርቶ ዘጋው ይባላል። የግል ቤት ስለሆነ ከውጭ ብቻ እዩት።

ጥ፦ አንድ ቀን ብቻ ነው ያለን።
መ፦ ጠዋት ዲሲ፣ ከሰዓት ዲሲ ወንዝ ዳር ካለው ዋርፍ በውኃ ታክሲ ወደ ኦልድ ታውን። ብርድ ሲገባ የጀልባውን ፕሮግራም ቀድማችሁ እዩ። ዲሲ ያሉት ስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች ሁሉም በነፃ ናቸው፣ ግን የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየምና የአየርና ጠፈር ሙዚየም ሰዓት አስይዙ ይላሉ። ሳታስይዙ ሄዳችሁ በር ላይ እንዳትቀሩ። ሁለቱንም በአንድ ቀን አትሞክሩ፣ እንግዳው እግሩ ያልቃል። ሊንከን መታሰቢያ ማታም ክፍት ነው፣ ያኔ ነው የሚያምረው።

ጥ፦ በመኪና ብንሄድስ?
መ፦ ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ፍለጋ ቀኑን ይበላባችኋል። ሀንቲንግተን ሜትሮ ጣቢያ አቁማችሁ በቢጫው መስመር ላንፋን ፕላዛ ውረዱ፣ ሙዚየሞቹ ቅርብ ናቸው።

ጥ፦ የሐበሻ ምግብ የት ይሻላል?
መ፦ ዲሲ ከሆናችሁ ዩ ስትሪትና 9ኛው መንገድ፣ እዚህ ማዶ ከሆናችሁ ስካይላይን አካባቢ። ግን ትናንት ከቦሌ የተነሣን ሰው ምነው ዛሬውኑ እንጀራ ታበሉታላችሁ? ወንዙ ዳር ዓሣ ጋብዙት፣ ሽሮው ሦስተኛው ቀን ይደርሳል።

ጥ፦ የቼሪ አበባው መቼ ነው?
መ፦ ከማርች መጨረሻ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ፣ እንደ አየሩ ነው። በማለዳ ሂዱ፣ ከረፈደ ዛፎቹ ባሉበት በዲሲው ኩሬ፣ ታይዳል ቤዚን፣ ዙሪያ መቆሚያ የለም።