የሚገባውን ነገርከን፤ የሚወጣውስ?

ባለፈው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ጥላ ስር ሻሂ ይዘን ቁጭ ብለን ነው። አንድ ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህር «ጋሼ፣ አንተ ግን ያን ሁሉ ዓመት ካሪኩለም ኮሚቴ ውስጥ ስትቀመጥ አልሰለቸህም?» አለኝ። (ጋሼ ብሎ አንተ ማለቱ ለሌላ አገር ሰው ይገርመው ይሆናል፤ ድሬ ግን አንቱታ ብዙም ቦታ የለውም።) የተናደደው አንድ ኮርስ ልጨምር ብሎ ሰነዱን ካስገባ ሰባት ወር ስላለፈው ነው። «ኮሚቴ ማለት ሥራ ማጓተቻ ነው አቦ!» አለ። ሳቅኩ። በሱ ዕድሜ እኔም ያልኩት እሱኑ ነበር።

ይህን የምጽፈው ለሱ፣ ገና ማስተማር ለጀመራችሁና እዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ ቀን ለምትቀመጡ ሁሉ ነው። ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የምፈራው አለቃ የለኝም፤ እንደመጣልኝ ልናገር።

መጀመሪያ መንገዱ። ሐሳቡ ከአንድ መምህር ወይም ከዲፓርትመንቱ ካሪኩለም ኮሚቴ ይነሳል። ዲፓርትመንቱ ተሰብስቦ ይወያይበታል። ከዚያ ወደ ኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን ይሄዳል፤ ኤሲ የምንለው። ከኤሲ ዩኒቨርሲቲ ደረጃ ወዳለው የካሪኩለም ኮሚቴ፣ መጨረሻ ላይ ፕሬዚዳንቱ ወደሚሰበስበው ሴኔት፣ የትምህርት ጉዳይ የመጨረሻ ወሳኝ ወደሆነው ጉባኤ። የኮሚቴዎቹ ስም ከግቢ ግቢ ይለያያል፤ ደረጃው ያው ነው። ሙሉ አዲስ ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት የፍላጎት ጥናት አለ፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ገምጋሚዎች አሉ፣ ቀጣሪዎች የሚጠሩበት ወርክሾፕ አለ። ሰባት ወር ብዙ አይደለም፣ ወላሂ።

የኔ የመጀመሪያ ሰነድ አሥራ ሁለት ገጽ ነበር። ሎጂስቲክስ የሚባል ኮርስ ይግባ ነው። «በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ውስጥ እየኖርን ስለ ዕቃ ጉዞ አለማስተማራችን ያሳፍራል» ብዬ ጀመርኩ። ዛሬ ብጽፈው በ2014 የተከፈተውን ነጻ የንግድ ቀጠናም እጨምርበት ነበር። ጥሩ ጽሑፍ ነበር፤ አሁንም ጥሩ ነበር እላለሁ። ሰብሳቢያችን አንድ አዛውንት መምህር ነበሩ፤ እሳቸውን ብቻ ነው አንቱ የምንለው፣ የድሬ ሰው ስላልሆኑ። መነጽራቸውን አወለቁና «የሚገባውን ነገርከን፤ የሚወጣውስ?» አሉኝ።

«ምንም አይወጣም፣ ይጨመር ብቻ» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ያኔ ተናደድኩ እንጂ አልገባኝም። በዛሬው ሂሳብ ልንገራችሁ። የአንድ ሴሚስተር ጭነት 30 ኤሲቲኤስ ነው፤ ኤሲቲኤስ የተማሪውን ጠቅላላ የሥራ ሰዓት የምንለካበት ነጥብ ነው። ሦስት ክሬዲት ሃወር የምንለው ኮርስ 5 ኤሲቲኤስ ይይዛል፤ 5 ኤሲቲኤስ ማለት ደግሞ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥበት፣ የሚያነበው፣ አሳይመንት የሚሠራበት ተደምሮ የተማሪው 135 ሰዓት ነው። በሞላ ሴሚስተር ላይ አንድ ኮርስ ጣል ስታደርጉ ያን 135 ሰዓት ከየት ያመጣዋል? ከእንቅልፉ ነው። ወይም ከሌላው ኮርስ ይሰርቃል። ስለዚህ እናንተ «አይወጣም» ብትሉም የሆነ ነገር መውጣቱ አይቀርም፤ የሚወጣውን እየመረጣችሁ ያላችሁት ግን እናንተ አይደላችሁም።

ታዲያ መቀነስ ለምን ይከብዳል? እያንዳንዱ ኮርስ ባለቤት ስላለው። አንድ ኮርስ ይውጣ ስትሉ የአንድ ሰው ሎድ፣ የማስተማሪያ ሰዓቱን፣ እየነካችሁ ነው። ትርፍ ሰዓት ክፍያውን፣ ለአሥር ዓመት ያስተማረበትን ማስታወሻ፣ አንዳንዴም ክብሩን። ሰው ኮርሱን ሲከላከል ሁልጊዜ ዕውቀት እየተከላከለ እንዳይመስላችሁ። ግን ደግሞ ሁልጊዜ ጥቅሙን ነው ብላችሁም አትናቁት፤ ብዙ ጊዜ እናንተ ያላያችሁትን ያያል። በተለይ ኮርሱን የሚሰጣችሁ ሌላ ዲፓርትመንት ከሆነ፣ ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ ወይም ስታትስቲክስ፣ ሰውየው ወሬውን ስብሰባ ላይ እንዲሰማው አታድርጉ። አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ቢሮው ሂዱ። ሳምቡሳ ይዛችሁ ሂዱ። ስብሰባ ላይ ከምትከራከሩት አንድ ሰዓት ቢሮ ውስጥ የምታወሩት ሃያ ደቂቃ ይበልጣል፤ ይሄን ለመማር ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ልነግራችሁ አልፈልግም።

አሁን ወደማልወደው ታሪክ ልምጣ።

ከዓመታት በኋላ ኮሚቴው ውስጥ ገባሁ፣ አንድ ለውጥ ይዤ ቀረብኩ። ሁለት የስታትስቲክስ ኮርሶች ነበሩን፣ አንድ እና ሁለት። ሁለቱን አንድ አድርገን ወደ ሦስተኛ ዓመት እንውሰደው አልኩ። ተምሬ የለ፣ የሚወጣውንም ይዤ ነው የመጣሁት! የመጨረሻው አጀንዳ ነበር፣ ሙቀቱ አይጣል ነው፣ ቬንቲሌተሩ ተበላሽቷል፣ ምሳ ደርሷል። ከምሳ በኋላ ድሬ ውስጥ ሰው ለስብሰባ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቃላችሁ። «አስተያየት ያለው? የለም። ጸድቋል።» አራት ደቂቃ ፈጅቶ ይሆናል። ወደ ላይም ሄዶ ያለ አንዳች ጥያቄ አለፈ።

በዓመቱ ሁለት ተማሪዎች ቢሮዬ መጡ። ሁለቱም ዊዝድሮው አድርገው፣ ማለትም ትምህርት አቋርጠው፣ የተመለሱ ናቸው፤ አንዷ ወልዳ፣ ሌላው ታሞ። ስታትስቲክስ አንድን ወስደዋል፣ ሁለትን አልወሰዱም። ሁለት የሚባል ኮርስ ደግሞ የለም፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አዲሱን እንዳይመዘገቡ ግማሹን ደግመው ሊማሩ ነው፣ የክሬዲት ቁጥሩም አይገጥምም። እንዳይተዉት መመረቂያ ይጎድላቸዋል። ሬጅስትራር ወደኔ ይልካቸዋል፣ እኔ ወደ ዲኑ፣ ዲኑ «ቃለ ጉባኤው ምን ይላል?» ይላል። ቃለ ጉባኤው ምንም አይልም። አንድ ሴሚስተር ሙሉ በዚያ ፀሐይ ከአንዱ ሕንጻ ወደ ሌላው ሲመላለሱ አየኋቸው። ልጅቷ ሕፃኑን ታቅፋ የመጣችበት ቀን ነበር። በመጨረሻ ተፈታላቸው፣ እሷ ግን መመረቅ ከነበረባት አንድ ዓመት ዘግይታ ነው የተመረቀችው።

የጎደለው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው አንድ መስመር፦ ከዚህ ዓመት በፊት የገቡ በነባሩ ካሪኩለም ይጨርሳሉ የሚል። ሁለተኛው የትኛው ነባር ኮርስ በየትኛው አዲስ ኮርስ እንደሚተካ የሚያሳይ ግማሽ ገጽ ሠንጠረዥ። ተጽፎ ቢሆን አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ምንም ሰነድ ቢያመጣ መጀመሪያ የምገልጠው የመጨረሻውን ገጽ ነው፣ ነባሮቹ ምን እንደሚሆኑ። ከምሳ በፊት ያለች የመጨረሻ አጀንዳም ስታጋጥመኝ «ለሚቀጥለው ይተላለፍ» እላለሁ። አጓታች መባል የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ግን ሁሉም ነገር ሴኔት ድረስ አይሄድም፤ ይሄን ብዙ ወጣት አያውቅም። በ1998 ክረምት የድሬው ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ያን ሁሉ ሰው ሲወስድ የድሬ ልጅ የሆነ አንድ ጓደኛዬ ሌላ ከተማ ምህንድስና ያስተምር ነበር። ልቡ ተሰብሮ ስለ ጎርፍ ብቻ የሚያስተምር አንድ ሙሉ ኮርስ ይከፈት ብሎ ጻፈ። ማን ይቃወማል? አንዲት የሥራ ባልደረባው ግን «ሃይድሮሎጂ ውስጥ ለጎርፍ ስንት ሳምንት ሰጥተናል?» ብላ ጠየቀች። ሁለት። «አምስት እናድርገው፣ መለማመጃውም ራሱ ደቻቱ ይሁን።» ይሄ የኮርስ አውትላይን ጉዳይ ነው፣ ዲፓርትመንቱ ራሱ ይጨርሰዋል። በቀጣዩ ሴሚስተር ተጀመረ። የኮርስ ስም፣ ክሬዲት፣ ፕሪሪኪዚት (ቀድሞ መወሰድ ያለበት ኮርስ)፣ የሚሰጥበት ዓመት ከተነካ ወደ ላይ ይሄዳል። የምዕራፍ ክብደት፣ ማንበቢያ፣ መለማመጃ ከሆነ እዚያው ቤታችሁ ያልቃል። ቤት የሚያልቀውን ለምን ሴኔት ትወስዱታላችሁ?

ደግሞ እጃችሁ የማይደርስበት አለ። በ2012 የተመለሰው የፍሬሽማን ዓመት ኮርሶቹ አገር አቀፍ ናቸው፤ እናንተ ልትነኩት አትችሉም። በ2015 የመጣው ኤግዚት ኤግዛም፣ የመውጫ ፈተናው፣ ደግሞ ብሉፕሪንት አለው፤ ምን ምን እንደሚፈተን የሚዘረዝር ሰነድ ነው። አንድ ኮርስ ልትቀንሱ ስትነሱ ብሉፕሪንቱን አጠገባችሁ አድርጉ፤ እናንተ የሰረዛችሁት ፈተናው ላይ ቢመጣ 50 ማምጣት ያለበት ተማሪው ነው። ሙሉ ካሪኩለሙን የፈተና መለማመጃ ለማድረግ የሚሮጡትን ግን አልወድም። ፈተናው ተማሪው ከወሰኑ ማነስ አለማነሱን ይለካል እንጂ ምን ያህል እንደሚያውቅ አይለካም። ይሄ የኔ አስተያየት ነው፣ የማይስማማ ይኖራል።

ስለ አጻጻፍ አንድ ነገር ልበል። ምክንያት በሚለው ቦታ «ከዘመኑ ጋር ለመራመድ» ብላችሁ አትጻፉ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው። ለልምምድ የወጡ ተማሪዎቻችሁ ምን ሥሩ ተብለው ምን እንዳቃታቸው ጻፉ፣ ካገኛችሁ የቀጣሪውን ደብዳቤ አያይዙ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ሰነድ ስትገለብጡ ደግሞ (ትገለብጣላችሁ፣ አውቃለሁ፣ እኔም ገልብጫለሁ) ቢያንስ የዩኒቨርሲቲውን ስም ቀይሩ። አራተኛው ገጽ ላይ የሌላ ግቢ ስም ቀርቶ ሴኔት ፊት የቆመ ሰው አይቻለሁ፤ ያ ፊት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ሎጂስቲክሴ ከሁለት ዓመት በኋላ ጸደቀ። አንድ የቆየ ኮርስ ወደ ሁለት ምዕራፍ ጠቦ ቦታ ለቀቀለት። ከጸደቀ በኋላም አንድ ሴሚስተር ቆመ፤ የኮርስ ኮድ የሚሰጥበት ደብዳቤ አንድ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ስለዚህ ሴኔት አጸደቀ ሲባል አትጨፍሩ። ቃለ ጉባኤው ተፈርሞ ኮፒው እጃችሁ ይግባ፣ ሬጅስትራር በእግራችሁ ሂዱ፣ ኮዱን ሲስተሙ ላይ በዓይናችሁ እዩት።

ያ ልጅ ይሄን ሁሉ ከሰማ በኋላ ስልኩን አውጥቶ ሰነዱን ከፈተልኝ። ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አስጀመርኩት፦ የሚገባ፣ የሚወጣ፣ ነባሮቹ። የመጀመሪያውን ወዲያው ሞላው። ሁለተኛው ላይ ቆመ። አንድ ኮርስ ጻፈ፣ አጠፋ፣ «ይሄንን እንኳን የሚያስተምረው የኔ አድቫይዘር ነው» አለ፣ ሌላ ጻፈ፣ እሱንም አጠፋ። ሁለተኛ ሻሂ አዘዝን። ዓምዱ ባዶ እንደሆነ ሂሳብ መጣ። እሱ ከፈለ።