ሬቲና ላይ ደም ሥር ሲዘጋ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ደም ግፊትና ዓይን ከጻፍኩ ወዲህ ከደረሱኝ መልእክቶች አብዛኞቹ የሚያነሱት አንድ ሕመም ነው፤ የሬቲና (ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) ደም መልስ መዘጋት። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ፣ ስም ትቼ አቅርቤያቸዋለሁ። ዓይናችሁን አይቶ የሚያክማችሁን ሐኪም ይህ ዓምድ አይተካም። እሱ ፊት ስትቀርቡ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ቢያሳውቃችሁ ይበቃኛል።

አባቴ 63 ዓመታቸው ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሲነሱ የግራ ዓይናቸው ጢስ የገባበት ያህል ደበዘዘባቸው። ምንም አላመማቸውም። የደብረ ብርሃኑ ሐኪም “ደም ሥሩ ተዘግቷል” ብሎ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጽፎላቸዋል። ስትሮክ ነው? የተዘጋውስ ይከፈታል?

አንድ ዓይን፣ ድንገት፣ ያለ ሕመም፤ ይህ በሽታ ሲነገር እንዲህ ነው የሚነገረው። ጭንቅላት ውስጥ የሚከሰተው ስትሮክ አይደለም፤ ይሁንና መነሻቸው ይመሳሰላል። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ሲጋራና ዕድሜ ለሁለቱም ያጋልጣሉ።

ሬቲና ላይ ደም ቅዳና ደም መልስ በሚተላለፉበት ቦታ አንድ ሽፋን ይጋራሉ። ለዓመታት በግፊት የደነደነው ደም ቅዳ አጠገቡ ያለውን ስስ ደም መልስ ይጫነዋል፤ ደሙ እዚያ ይዘገያል፣ ይረጋል። መውጫ ቦዩ ሲደፈን ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ማሳውን እንደሚያጥለቀልቀው፣ ደሙና ፈሳሹ ወደ ሬቲና ይፈሳል። የተዘጋው ቅርንጫፍ ብቻ ከሆነ የእይታው አንድ ክፍል፣ ብዙ ጊዜ የላይኛው ወይም የታችኛው ግማሽ፣ ይጨልማል። ዋናው ደም መልስ የዓይን ነርቭ ውስጥ ከተዘጋ ግን ሙሉው እይታ ይደበዝዛል። በብዛት የሚያጋጥመው የቅርንጫፉ ነው፤ የሚከፋው የዋናው።

የተዘጋውን ሥር መልሶ የሚከፍት አስተማማኝ መድኃኒት እስካሁን የለም። ሰውነት በጊዜ ብዛት የራሱን ማለፊያ ሥሮች ያበጃል። ሐኪሙ የሚታገለው መዘጋቱ ካስከተላቸው ሁለት ጉዳቶች ጋር ነው፦ አንደኛው ለማንበብና ፊት ለመለየት የምንጠቀምበት የሬቲና መሐል፣ ማኩላ የሚባለው፣ ሲያብጥ፤ ሁለተኛው ደም ያጣው ሬቲና ደካማና በቀላሉ የሚደሙ አዳዲስ ሥሮች ሲያበቅል።

አዲስ አበባ ሲደርሱ የእይታ ልኬት፣ የብሌን ምርመራ በባትሪ፣ የዓይን ግፊት ልኬትና በማስፊያ ጠብታ የሬቲና ምርመራ ይደረግላቸዋል። ከዚያ ኦሲቲ የሚባለው የሬቲናን ንብርብር በብርሃን የሚያነሳ መሣሪያ እብጠቱን በማይክሮን ይለካል። ኦሲቲ አያምም፣ መርፌም የለውም፣ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። በማስፊያ ጠብታው ምክንያት ለጥቂት ሰዓታት ስለሚደበዝዝባቸው ብቻቸውን አይሂዱ።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ዓይን ክፍል ገብተው የክንድ ደም ግፊታቸው ሳይለካ እንዳይወጡ። “እኔ ግፊት የለብኝም” የሚሉ ሰዎች ግፊት እንዳለባቸው የሚያውቁት ብዙ ጊዜ በዚህ ሕመም ነው። የስኳር፣ የኮሌስትሮልና የሙሉ ደም ምርመራም አብሮ ይሠራላቸው። ዓይኑን አክሞ ግፊቱን የሚተው ሕክምና ግማሽ ሕክምና ነው።

ምን ያህል ያያሉ ለሚለው ጥሩው ጠቋሚ የመጀመሪያው ቀን ልኬት ነው። ዛሬ ለማኩላ እብጠት ዓይን ውስጥ የሚሰጠው መርፌ ከመምጣቱ በፊት አሜሪካ ውስጥ የዋናው ሥር መዘጋት በገጠማቸው ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ1997 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፣ ሲጀመር እይታቸው 6/12 (ጤነኛ ዓይን ከ12 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር ማየት) ወይም የተሻለ ከነበሩት 65 በመቶዎቹ እዚያው እንደቆዩ፣ ከ6/60 በታች ከነበሩት ደግሞ 80 በመቶዎቹ እንዳልተሻሻሉ አሳይቷል። ዛሬ በመርፌ ውጤቱ ተሻሽሏል፤ ቢሆንም የመጀመሪያው ቁጥር አሁንም ብዙ ይናገራል። ስለዚህ ሪፈሩን መሳቢያ ውስጥ አያቆዩት።

ቢጫ ቀለም በደም ሥሬ ሰጥተው ዓይኔን ፎቶ ሊያነሱኝ ነው። ኩላሊቴን አይጎዳም ወይ?

ፍሎረሲን ነው። ለሲቲ ስካን ከሚሰጠው አዮዲን ካለበት መድኃኒት ጋር አያምታቱት። የተለመደው ችግር ለደቂቃ ያህል ማቅለሽለሽ ነው። ቆዳዎ ለጥቂት ሰዓታት፣ ሽንትዎ ደግሞ ለአንድ ቀን ያህል ቢጫ ይሆናል፤ አይደንግጡ። ከባድ አለርጂ እምብዛም አያጋጥምም፤ ካጋጠመ ግን ፈጣን ስለሆነ፣ ከዚህ በፊት በመድኃኒት ሰውነትዎ አብጦ ወይም ትንፋሽ አጥሮዎት የሚያውቅ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። የኩላሊት ሕመም ካለብዎም እንዲሁ። ምርመራው የትኛው የሬቲና ክፍል ደም እንዳጣ ስለሚያሳይ ጥቅሙ ትልቅ ነው።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ለእናቴ ዓይን የሚሰጣት “አቫስቲን” የካንሰር መድኃኒት መሆኑን ኢንተርኔት ላይ አነበብኩ። ካንሰር አለባት እየደበቁኝ ነው?

አልደበቁዎትም። አቫስቲን በ2004 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ለአንጀት ካንሰር ነው። የሚሠራው ቪኢጂኤፍ የተባለውን፣ አዳዲስ ደም ሥሮችን የሚያበቅል ኬሚካል በመያዝ ነው። ደም ያጣ ሬቲናም ይህንኑ ኬሚካል በብዛት ያመነጫል፤ ማኩላን የሚያሳብጠው በዋናነት እሱ ነው። ለዓይን የሚሰጠው 1.25 ሚሊግራም ነው፤ ለካንሰር በደም ሥር ከሚሰጠው አንጻር እጅግ ጥቂት።

ለዓይን ተብለው የተሠሩት ሉሴንቲስና አይሊያ በጣም ውድ ናቸው። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የታተመ 362 ሕሙማን የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ስድስት ወር በየወሩ ሲሰጡ አቫስቲን ከአይሊያ ያነሰ ውጤት እንዳላመጣ አሳይቷል። ስለዚህ ርካሹን ሰጡን ብለው አይከፉ። መጠየቅ ያለብዎ ሌላ ነገር ነው፦ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ሰው ስለሚከፋፈል ማን፣ የት፣ በምን ንጽሕና ከፋፈለው? ይህ ጥያቄ አዲስ አበባም ሆነ ሜሪላንድ ላይ ማንንም ሊያስቀይም አይገባም።

ባለቤቴ ሦስት መርፌ ተወግቶ በደንብ አየ። ሐኪሙ ግን አሁንም ቀጥል ይለዋል። ገንዘቡም አልቻልንም። ብናቆም ምን ይመጣል?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ በብዛት የመጣው ይህ ነው። ብዙ ዓይን የሚጠፋውም እዚህ ላይ ይመስለኛል።

መርፌው እብጠቱን የሚያመጣውን ኬሚካል ይይዛል እንጂ ምንጩን አያደርቅም። አንድ መርፌ የሚሠራው በግምት ለአራት ሳምንት፣ አንዳንዱ ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ነው። ከዚያ ሥሩ እንደተዘጋ ስለሆነ ፈሳሹ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። የተለመደው አካሄድ ኦሲቲው እስኪደርቅ በየወሩ መስጠት፣ ከዚያ ልዩነቱን ወደ ስድስት፣ ወደ ስምንት ሳምንት እያራዘሙ መሄድ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ስምንት ዘጠኝ መርፌ መድረስ ብርቅ አይደለም፤ በሁለተኛው ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። አንዳንዱ ሰው ሙሉ በሙሉ ያቆማል፣ አንዳንዱ ለዓመታት ይቀጥላል።

“ሲብስብኝ እመለሳለሁ” የሚለው ሐሳብ ለምን እንደማያዋጣ አንድ ጥናት ላንሳ። ክሩዝ በተባለው ጥናት ዋናው ሥር የተዘጋባቸው 392 ሰዎች ተሳትፈዋል። ሉሴንቲስ በሙሉ መጠን ከመጀመሪያው የተሰጣቸው በስድስት ወር ውስጥ በእይታ መለኪያ ሰሌዳው ላይ በአማካይ 15 ያህል ተጨማሪ ፊደል ማንበብ ሲችሉ፣ የማስመሰያ መርፌ የተደረገላቸው አንድ ፊደል እንኳ አልሞሉም። ከስድስት ወር በኋላ ለእነዚህም እውነተኛው መድኃኒት ተጀመረላቸው። በዓመቱ መጨረሻ ያገኙት 7 ፊደል ገደማ ነው፤ ቀድመው የጀመሩት ግን 14 ላይ ነበሩ። ያበጠ ማኩላ ሲቆይ የብርሃን ሕዋሳቱ ይሞታሉ፤ የሞተውን ደግሞ የኋላ መርፌ አያስነሳውም።

የገንዘቡን ነገር በግልጽ አንሡት። ሐኪም ፊት ስለ ገንዘብ መናገር የሚያሳፍረን ሕዝብ ነን፤ አፍረን ዝም ብለን እንጠፋለን። እባክዎ አይጥፉ። “በሦስት ወር ውስጥ የምንችለው ይህን ያህል ነው፣ በየትኛው መድኃኒት ይቀጥልልን?” ብለው ይጠይቁ። ሉሴንቲስ ከሆነ የጀመረው ወደ አቫስቲን መዛወር ይቻላል። ከግል ክሊኒክ ወደ መንግሥት ሆስፒታል መዛወርም ነውር የለውም፤ አዲስ አበባ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ዓይን ክፍል አንዱ ነው። ሌላው አማራጭ ዓይን ውስጥ የሚቀመጠው የስቴሮይድ እንክብል ነው፤ ወራት ስለሚቆይ ምልልሱን ይቀንሳል፤ ግን የዓይን ግፊትን ይጨምራል፣ ሞራንም ያፋጥናል። ግላኮማ (ብዙ ጊዜ ከዓይን ግፊት ጋር የሚመጣ፣ የዓይን ነርቭን የሚጎዳ ሕመም) ላለበት ሰው እኔ አልመርጠውም።

መርፌ ከተወጋሁ በኋላ ጠበል መጠመቅ እችላለሁ? በዐቢይ ጾምስ መድኃኒቴን እንዴት ላድርግ?

እምነትዎና ሕክምናዎ አይጣሉም፤ ሰዓቱን ማስማማት ብቻ ነው። መርፌው የገባበት ቀዳዳ እስኪዘጋ ድረስ፣ ቢያንስ ለጥቂት ቀናት፣ ማንኛውም ውሃ ዓይንዎ ውስጥ አይግባ፤ ጠበልም፣ የቧንቧም፣ የመዋኛም። ስለዚህ ከመርፌው በፊት ባለው ሳምንት ይጠመቁ፣ ወይም ካህኑ ከአንገት በታች እንዲያጠምቅዎ ይንገሯቸው። የምንሰጋው ዓይን ውስጥ የሚገባ ኢንፌክሽን ነው፤ ከ2,000 እስከ 3,000 መርፌ ውስጥ አንዴ ገደማ ያጋጥማል፣ ሲያጋጥም ግን ዓይን ያጠፋል። ከመርፌ በኋላ የዓይን ነጩ ክፍል ደም መልበሱና ጥቁር ነጠብጣብ መታየቱ ቀላል ነው። ሕመሙ በየሰዓቱ እየባሰ፣ እይታው እየቀነሰ ከሄደ ግን ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

የደም ግፊት መድኃኒቱን በጾም አያቋርጡ። በቀን አንዴ የሚወሰድ ከሆነ ከጾሙ ሰዓት ውጭ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይዋጡት። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ የሚወሰድ ከሆነ ሐኪምዎ በአንዴው እንዲቀይርልዎ ከጾሙ መግባት በፊት ይጠይቁ። ረመዳን ለሚጾሙ አንባቢዎቼም መልሴ ይኸው ነው።

ዱባይ የምሠራ የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ግፊትም ስኳርም የለብኝም። ሐኪሙ ግን ደም መልስ ተዘግቷል አለኝ። በዚህ ዕድሜ?

እህቴ፣ በዚህ ዕድሜ እምብዛም አያጋጥምም፤ ሲያጋጥም ግን ምክንያቱ በደንብ መፈለግ አለበት። የእርግዝና መከላከያ እንክብል ትወስጃለሽ? በተለይ ኤስትሮጅን ያለበት ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል፤ የጽንስና ማኅፀን ሐኪም አማክረሽ ወደ ሌላ ዓይነት ቀይሪ። በቤተሰብሽ እግሩ ላይ ወይም ሳንባው ላይ ደም የረጋበት ሰው አለ? አንቺስ ጽንስ በተደጋጋሚ ወርዶብሽ ያውቃል? የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም የሚመላለስ የአፍ ቁስል አለብሽ? ለእነዚህ መልስሽን ለሐኪሙ ንገሪው፤ የደም መርጋትና የሰውነት መከላከያ ምርመራዎችን የሚያዝልሽ በዚያ መሠረት ነው። እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ለመሆን ካሰብሽ ከመርፌው በፊት ተናገሪ።

ከሦስት ወር በፊት ዋናው ሥር ተዘግቶብኝ ሳልታከም ቀረሁ። አሁን ዓይኔ ቀልቷል፣ ጭንቅላቴን ይወቅረኛል፣ ያስመልሰኛል።

ይህን ሲያነቡ ዛሬውኑ ይሂዱ። ለእርስዎ በግልም መልሻለሁ፤ ለሌላው እንዲጠቅም ነው እዚህ ያወጣሁት። ደም ያጣው ሬቲና ያበቀላቸው ሥሮች ወደ ዓይን ፊት መጥተው የፈሳሹን መውጫ ሲዘጉ የዓይን ግፊት ያሻቅባል። ከመዘጋቱ ሦስት ወር ገደማ በኋላ ስለሚመጣ ሐኪሞች “የመቶ ቀን ግላኮማ” ይሉታል። ግፊቱን የሚያወርድ መድኃኒት፣ መርፌና ሰፊ ሌዘር አንድ ላይ ያስፈልጉታል። ዋናው ሥር የተዘጋበት ሰው ባያመውም በመጀመሪያዎቹ ወራት በየወሩ የሚታየው ለዚህ ነው።

አስፕሪን ብውጥ ይከፍትልኛል?

አይከፍትም። ለልብዎ ወይም ለስትሮክ ታዞልዎት ከሆነ ይቀጥሉበት፤ ለዓይኑ ብለው ግን ራስዎ አይጀምሩ።

ሌዘር አንድ ጊዜ ተደርጎ ያልቃል ሲባል ሰማሁ። መርፌውን ትቼ ሌዘሩን ልምረጥ?

ለአዳዲስ ሥሮች ከሆነ ሌዘር ዛሬም ዋነኛው ሕክምና ነው። ለማኩላ እብጠት ግን ቅርንጫፍ በተዘጋበት ላይ ይረዳል፣ ቀስ ብሎ፤ መርፌው ይበልጠዋል። ዋናው ሥር በተዘጋበት ላይ እብጠቱን ቢቀንስም እይታን እንደማያሻሽል ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይታወቃል።

መነጽር ቢቀየርልኝ አይሻለኝም? ሌላኛው ዓይኔስ ይተርፋል?

መነጽር የብርሃኑን አቅጣጫ ያስተካክላል፤ ያበጠ ሬቲናን አያደርቅም። እብጠቱ እስኪረጋ ለአዲስ መነጽር ገንዘብ አያውጡ፤ ልኬቱም ይለዋወጣል። ሌላኛው ዓይን ወደፊት የመያዝ ዕድል አለው፤ አብዛኛው ሰው ግን አይያዝም፤ ግፊትን፣ ስኳርንና ሲጋራን መቆጣጠር ይጠብቀዋል። በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ አንዱን ዓይን በመዳፍዎ ሸፍነው ግድግዳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ያንብቡ፤ ከዚያ ሌላውን። ሁለቱም ዓይን ሲከፈት ደኅናው የታመመውን ስለሚሸፍንለት፣ ለሳምንታት ሳያውቁት የቆዩ ብዙ ናቸው።