ከተማ ሲዋቀር መዝገቡ የት ይሄዳል? ለደብረ ብርሃን ወጣት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ የጎረቤቴ ልጅ፣ አክስቱ አዲስ አበባ ስላላቸው ቤት የተጻፈ የቆየ ሰነድ ይዞ መጥቶ «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ያለው ወረዳ ዛሬ የትኛው ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በአዲስ አበባ በመሬት አስተዳደር ሥራ ላይ ከቆየሁባቸው ዓመታት እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ነገር ስለቀሰቀሰብኝ፣ መልሱን ለእሱ ብቻ ነግሬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ልጁ ግራ መጋባቱ አይገርምም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌን አቋቋመ፤ ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሚደርስ ቤቶችም በቀበሌ እጅ ገቡ። በደርግ ዘመን ከቀበሌዎቹ በላይ 25 ከፍተኛዎች ነበሩ። ከደርግ በኋላ ከፍተኛው ወረዳ ተባለ፣ ቁጥሩም 28 ደረሰ። በ1995 ዓ.ም. ወረዳዎቹ ቀርተው 10 ክፍለ ከተሞች ተቋቋሙ፣ ቀበሌዎችም ተጣምረው አነሱ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የታችኛው እርከን ቀበሌ መባሉ ቀርቶ ወረዳ ተባለ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ሲወጣ ክፍለ ከተሞቹ 11 ሆኑ። ስለዚህ በ1980ዎቹ በተጻፈ ሰነድ ላይ ያለው ወረዳ ብዙ ቀበሌዎችን በሥሩ የያዘ ሰፊ ክልል ሲሆን፣ የዛሬው ወረዳ ግን የቀበሌው ወራሽ ነው። ልጁም በወረዳው ቁጥር ሳይወሰድ የድሮውን ቀበሌ፣ የቤት ቁጥሩንና የሰፈሩን ስም ይዞ ፍለጋውን እንዲጀምር መከርኩት።

አሁን ወደሚቆጨኝ ነገር ልመለስ። በ1995ቱ ለውጥ ጊዜ ማህደሮች ከነባሮቹ ጽሕፈት ቤቶች ወደ አዲሶቹ የተጓዙት በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቀው፣ አፋቸው በሲባጎ ታስሮ፣ በፒክአፕ ተጭነው ነበር። ርክክቡ በቃለ ጉባኤ የተደገፈ ቢሆንም ቃለ ጉባኤው የሚናገረው ስለ ፋይሎቹ ብዛት እንጂ በውስጣቸው ስላለው አልነበረም። ከተረካከብናቸው ቀበሌዎች በአንዱ መዝገብ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ተወላጅነታቸው ከወደ ተጉለት የሆነ ሠራተኛ ነበሩ። እኚህ ሰው ማንም ሳያዛቸው በአንድ ጠንካራ ሽፋን ባለው ባሕር መዝገብ ላይ በግራ በኩል የድሮውን ቀበሌና የቤት ቁጥር፣ በቀኝ በኩል አዲሱን፣ በመካከል ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «ግቢው ለሁለት የተከፈለ»፣ «ከወንዙ ወዲያ የቀረ»፣ «በልጅ ስም የዞረ» እያሉ ይጽፉ ነበር። የቤት ቁጥር ሳይሰጣቸው በደፈናው «አዲስ» ተብለው የተመዘገቡትን ቤቶች እንኳ በአጎራባቾቻቸው ስም ለይተው አስፍረዋቸዋል። መዝገቡን ገልጬ አይቼዋለሁ፤ አድንቄም መልሼላቸዋለሁ። ሰውዬው ጡረታ ወጡ፣ ቢሮው ተዛወረ፣ ባሕር መዝገቡም በየትኛው ከረጢት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ነው አንዲት ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት የኪራይና የውኃ ደረሰኞቻቸውን በፌስታል ይዘው ወደ እኔ የመጡት። ቤታቸው አዲሱ ወሰን ባለፈበት መንገድ ዳር ስለነበር አንዱ ቀበሌ «ማህደርዎ ወዲያ ሄዷል» ሲላቸው፣ ሌላው «አልተላለፈልንም» እያለ ይመልሳቸዋል። ደረሰኞቹ በዓመት በዓመት ተለይተው በክር ታስረው ነበር፤ አንዱም ወር አልጎደለም። ለሁለቱም ቀበሌ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ የመጣው መልስ «ማህደሩ አልተገኘም» የሚል ነበር። የእኚያ እናት ቤት በዚያ ባሕር መዝገብ ላይ በአንድ መስመር ሰፍሮ እንደነበር አልጠራጠርም። ያንን መዝገብ ፎቶ ኮፒ ለማስደረግ የአንድ ከሰዓት ሥራ በበቃ ነበር። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ አልተመለሱም፤ ነገሩ እንዴት እንዳለቀም አልሰማሁም።

ከተማን በየጊዜው መሸንሸን ነዋሪውን ያደክማል ብዬ አምናለሁ። የክፍለ ከተማው አደረጃጀት ብዙ ጉዳይ ከማዕከል ወርዶ በቅርብ እንዲያልቅ ማድረጉን ግን በዓይኔ ስላየሁ፣ ለውጡ ባይመጣ ይሻል ነበር አልልም።

የእኛ የሸዋ ሰዎች በዚህ ረገድ ረጅም ትዝታ ያለን ነን። ምኒልክ ከአንኮበር ተነስተው በእንጦጦ በኩል አዲስ አበባን በ1879 ዓ.ም. ሲቆረቁሩ፣ መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ከነጭፍሮቻቸው ሰፈሩ፤ ራስ መኮንን ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚባሉት ስሞች የመጡት ከዚያ ነው። ከፍተኛም ሆነ የድሮው ወረዳ ቀርቶ እነዚህ ስሞች ዛሬም ታክሲ ይጠራባቸዋል። አያቴ አንኮበርን ሲያነሱ ጉምና ብርዷን እንጂ ቤተ መንግሥቷን አያወሩም ነበር፤ ያንንም በጊዜው ጠይቄ አልጻፍኩትም።

የዛሬ ወጣቶች አዲስ አበባ የማን ናት በሚለው ላይ ሌሊቱን በስልክ ስትከራከሩ አያለሁ፤ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 49 ግን ከመካከላችሁ ያነበበው ጥቂት ነው። ከተማዋ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳላት፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ መንግሥት እንደሆነ፣ ኦሮሚያ ክልልም ልዩ ጥቅሙ እንደሚጠበቅለት እዚያው ተጽፏል። የከተማዋ መተዳደሪያ ቻርተር አዋጅ ቁጥር 361/1995 ነው፤ ከንቲባውን የሚሰይመው 138 መቀመጫ ያለው ምክር ቤት እንጂ ነዋሪው በቀጥታ አይደለም። ለማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ይህ የዕለት እንጀራው ነውና ዋናውን ጽሑፍ አንብቡ።

ይህን ሁሉ የምጽፍላችሁ ደብረ ብርሃንም ሪጂዮፖሊታን የሚባለው ከፍ ያለ የከተማ ደረጃ ተሰጥቷት በክፍለ ከተሞች ስለተዋቀረች፣ በዙሪያዋ የነበሩ የገጠር ቀበሌዎችም ወደ ከተማዋ ስለተጠቃለሉ ነው። ገበሬው በወንዝና በዛፍ ይለየው የነበረው ማሳ ዛሬ በእናንተ ኮምፒውተር ላይ ቁጥር እየሆነ ነው። የድሮውንና የአዲሱን ቁጥር ጎን ለጎን የያዘ ሰንጠረዥ አሁኑኑ አዘጋጁ። በየቀበሌው ያሉትን የቀድሞ ሊቀመንበሮችና የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ጡረታ ሳይወጡ ጋብዛችሁ ወሰኑን በእግራችሁ አብራችሁ ዙሩ፤ የተከፈለውን ግቢና በውርስ የዞረውን ይዞታ እነሱ ሲነግሯችሁ ጻፉት። ሰንጠረዡ በሁለት ቅጂ ይታተም፤ አንዱ በማዘጋጃ ቤቱ፣ ሌላው በክፍለ ከተማው መዝገብ ቤት ይቀመጥ፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይም የነገራችሁ ሰው ስምና ፊርማ ይኑርበት።