ጥያቄና መልስ፦ የደሴት ሽርሽር፣ የመርከብ ምርጫና የፓስፖርታችን ነገር

ክረምቱ ገብቶ ትምህርት ቤቶች ሊዘጉ ሲሉ ወደዚህ ዓምድ የሚጎርፉት ደብዳቤዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ማጠናከሪያ ትምህርትና ስለ ዩኒፎርም ዋጋ ነበሩ። ዘንድሮ ግን ከለገጣፎ እስከ ሰበታ በከተማዋ ዳርቻ የሚኖሩ አንባቢዎች ስለ ሽርሽር መርከብ ይጠይቁኛል። ወደብ በሌላት አገር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጦ ስለ መርከብ መመካከር ፈገግ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ጥያቄዎቹ የምር ናቸው። አብዛኞቹ የመጡት ውጭ አገር የሚኖር ልጅ ወይም ወንድም «ወጪው በእኔ ነው፤ መርከቡን እናንተ ምረጡ» ካላቸው ቤተሰቦች ነው።

ጥያቄ፦ የሦስት ልጆች እናት የሆኑ የለገጣፎ አንባቢ በሒሳብ ደብተር ወረቀት ላይ በማስመሪያ ያሰመሩትን ሠንጠረዥ ልከውልኛል። በግራ በኩል ከማያሚ ተነስቶ ወደ ባሃማስና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች የሚሄደው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» አለ፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ ተነስቶ የግሪክ ደሴቶችንና የቱርክን የኩሻዳሲ ከተማ የሚያዳርስ መለስተኛ መርከብ። የውኃ ሸርተቴ፣ የልጆች ክበብ፣ የምግብ ዓይነትና የመኝታ ክፍል ስፋት እያንዳንዳቸው ከአሥር ነጥብ ተሰጥቷቸዋል። አይከን በሰፊ ልዩነት መርቷል። ነጥብ አሰጣጣቸው ትክክል መሆኑን እንድነግራቸው ይፈልጋሉ።

መልስ፦ ነጥብ አሰጣጡን አልነቅፍም። አይከን እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ሥራ የጀመረ፣ 365 ሜትር ገደማ ርዝመትና 20 ፎቆች ያሉት፣ ሲሞላ እስከ 7,600 ተሳፋሪ የሚይዝ መርከብ ስለሆነ በልጆች መጫወቻ የሚፎካከረው ጥቂት ነው። ከሠንጠረዥዎ የጎደለው ግን አንድ ረድፍ ነው፤ እሱም ከሁሉም በላይ መቀመጥ የነበረበት። መርከቡ የሚቆምባቸው ወደቦች ዝርዝርና እያንዳንዱ ወደብ ከኢትዮጵያ ፓስፖርት ባለቤት የሚጠይቀው ቪዛ ማለቴ ነው።

ነገሩን ላስረዳ። ከማያሚ ተነስቶ ባሃማስ የደረሰ መንገደኛ ከአሜሪካ ወጥቷል፤ ሲመለስ እንደገና ይገባል። ለዚህ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋል። አሜሪካ ደግሞ ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ጎብኚዎች የምትሰጠውን ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባና ለሦስት ወር ብቻ የሚያገለግል አድርጋዋለች። እንዲህ ያለ ቪዛ የያዘ ቤተሰብ ማያሚ ድረስ ይሄዳል፤ መርከቡ ላይ ግን አያሳፍሩትም፤ ቢያሳፍሩትም መመለሻው ጭንቅ ነው። በደብዳቤዎ የጠቀሷት፣ አትላንታ ያለችው እህትዎ የአሜሪካ ፓስፖርት ስላላት ይህ ጉዳይ በሐሳቧም አልመጣም፤ አልፈርድባትም።

«ታዲያ ከአሜሪካ ሳይወጣ በአሜሪካ ደሴቶች ብቻ የሚዞር መርከብ አይኖርም ወይ?» የሚል ጥያቄ መከተሉ አይቀርም። እዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ አንድ የአሜሪካ ሕግ ይመጣል። በሕጉ መሠረት የሌላ አገር ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ በመሐል የውጭ ወደብ ሳይነካ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው መንገደኛ ማጓጓዝ አይችልም። ትላልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ከሞላ ጎደል ሁሉም የተመዘገቡት እንደ ባሃማስ ባሉ አገሮች ስለሆነ፣ ከማያሚ የሚነሳ መርከብ የግድ ውጭ አገር ረግጦ ይመለሳል። ከዚህ ውጭ የሆነው በአሜሪካ ባንዲራ የሚጓዘው «ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ» ነው፤ ከሆኖሉሉ ተነስቶ ሰባት ሌሊት የሃዋይ ደሴቶችን ብቻ ያዳርሳል። የአይከንን ያህል መጫወቻ የለውም። ካዚኖም የለውም፤ ይህኛው ለቤተሰብ ጉድለት ሆኖ አይታየኝም። አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀን ያለ ስጋት የሚጓዙበት እሱ ነው።

በቀኝ በኩል ያስቀመጡት የግሪክ መርከብም ያው ችግር አለበት። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን ደጋግሞ የሚያስገባ የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም በአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለውን ቪዛ፣ መስጠትን በመደበኛው አሠራር አግዷል፤ ማመልከቻ የሚታይበትንም ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሟል። ኩሻዳሲ ቱርክ ናት፤ ቱርክ ደግሞ ከሸንገን ውጭ ነች። በሦስተኛው ቀን ኩሻዳሲ ወርደው ሻይ ቢጠጡ፣ በአራተኛው ቀን ሮድስ ላይ የሚያስገባዎት ቪዛ በእጅዎ የለም። ስለዚህ የሚፈልጉት ወደቦቹ በሙሉ በሸንገን ክልል ውስጥ የሆኑለትን መርከብ ነው። ከባርሴሎና ወይም ከጄኖዋ ተነስተው ማርሴይን፣ ፓሌርሞንና የማዮርካ ደሴቷን ፓልማን የሚያዳርሱ የሰባት ሌሊት ጉዞዎች አሉ። ማልታ ከተጨመረችም ሸንገን ነችና አይክፋዎት፤ ክሮኤሽያም ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ገብታለች። ቱኒስ፣ ሞንቴኔግሮ ወይም አልባኒያ ካሉበት ግን ወረቀቱን መልሰው ይስጡ። በፈረንጆች ክረምት ለሚጓዝ ደግሞ የስፔን የካናሪ ደሴቶችንና የፖርቱጋሏን ማዴይራን የሚያገናኙ መርከቦች አሉ።

ከደብዳቤዎ ጋር ያያያዙትን የጉዞ ወኪሉን በራሪ ወረቀት አገላብጬ አይቼዋለሁ። ፊት ለፊት ሸርተቴው፣ ውስጡ ምግቡ ነው። የወደቦቹ ዝርዝር በመጨረሻው ገጽ ከስልክ ቁጥሩ በታች፣ ያለ መነጽር በማይነበብ ፊደል ሰፍሯል፤ «ቪዛ የተጓዡ ኃላፊነት ነው» የምትለዋ ዓረፍተ ነገርም እዚያው አለች። የሠንጠረዥዎን የመጀመሪያ ረድፍ ከዚያ ገጽ ይጀምሩ። የሚጓዙበትን ቪዛ በተመለከተ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ኤምባሲው ነውና እዚያ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የቡራዩ አንባቢ በረንዳ ያለው ክፍል ይሻላል ወይስ መስኮት የሌለው ይላሉ።

መልስ፦ ከአራት ዓመት በታች ልጅ ካለዎት መስኮት የሌለው፤ ከሌለዎትና ገንዘቡ ካለዎት በረንዳ ያለው።

ጥያቄ፦ ከሰበታ የጻፈልኝ ወጣት ባል ባለቤቱ አሁን የአራት ወር ነፍሰ ጡር መሆኗን፣ ጉዞው ከሁለት ወር ተኩል በኋላ መሆኑን፣ ነገር ግን «ጠንካራ ስለሆነች» ችግር እንደማይኖር ገልጾ፣ ለኩባንያው ባይነግሩ ምን እንደሚሆን ይጠይቃል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን አታድርግ። አብዛኞቹ የሽርሽር መርከብ ኩባንያዎች በጉዞው መጨረሻ ላይ 24ኛ ሳምንቷን የምትጀምርን ነፍሰ ጡር አያሳፍሩም፤ ከዚያ በታች ለሆነችውም የሐኪም ማስረጃ ይጠይቃሉ። በአንተ ስሌት ባለቤትህ በጉዞው ወቅት ከዚያ ታልፋለች። ደንቡ የተጻፈው በጥንካሬዋ ተጠራጥረው አይደለም። የመርከብ ክሊኒክ ቁስል ያሽጋል፣ ትኩሳት ያበርዳል፤ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን የሚያሳድርበት ክፍል ግን የለውም፤ ሄሊኮፕተርም በሁሉም የባሕር ክፍል አይደርስም። ደብቃችሁ ብትሳፈሩ የጉዞ መድን ሳይከፍል ሊቀር ይችላል። ክትትል የምታደርግበት ሐኪም ዘንድ በዚህ ሳምንት አብራችሁ ሂዱ፤ የጉዞውን ቀን በወረቀት ይዛችሁ ጠይቁ፤ እሱ «አይሆንም» ካለ ሌላ ሐኪም አትፈልጉ። ከወሊድ በኋላም ሕፃኑ ስድስት ወር ሳይሞላው አብዛኞቹ አያሳፍሩትም፤ ረጅም ውቅያኖስ ለሚያቋርጥ ጉዞ አንድ ዓመት ይጠይቃሉ። ስለዚህ ጉዞውን ለሚቀጥለው ዓመት አዛውሩት።

ጥያቄ፦ በመርከብ ላይ ስልክ ይሠራል ወይ? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ይሠራል፤ ሒሳቡ ግን ያስደነግጣል። ስልክዎን በአውሮፕላን ሁነታ ላይ ያድርጉና የመርከቡን ዋይፋይ ይግዙ።

ጥያቄ፦ የቱሉ ዲምቱ አንባቢያችን ከእናታቸው ጋር በነሐሴ ወደ ግሪክ ደሴቶች ሊሄዱ አስበዋል። እናታቸው ፍልሰታን አጥብቀው ይጾማሉ፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ትልቅ መርከብ ይሻላል ወይስ ትንሽ?

መልስ፦ ከጾሙ ልጀምር። ግሪኮችም ፍልሰታን ይጾማሉና የጾም ምግብ ሲባል ወጥ ቤቱ ግራ አይገባውም። ሆኖም ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ የእነርሱ ጾም እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1 እስከ 14 ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 9 ይፈስካሉ፤ የእናትዎ ጾም ደግሞ እስከ 15 ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ በግሪክ ሥርዓት ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ከጾም ምግብ ይቆጠራሉ። እናትዎ ሳህናቸው ላይ ባለ ስምንት እግር ፍጥረት ተጋድሞ ቢያዩ የሚሉትን መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ቦታ ሲይዙ «የጾም» ብለው አይተዉት፤ «ቪጋን» ብለው ያስመዝግቡ፤ በመጀመሪያው ምሽትም የምግብ አዳራሹን ኃላፊ ፊት ለፊት ያነጋግሩ።

ስለ ጉልበታቸው የመርከቡ ትልቅነት ሳይሆን አቋቋሙ ነው የሚወስነው። ሳንቶሪኒ ላይ መርከቦች ወደቡ ላይ አይጠጉም፤ ባሕሩ ላይ ቆመው መንገደኛውን በትንሽ ጀልባ ያወርዳሉ። ከታች ከወደቡ እስከ ላይ እስከ ከተማው ወደ 600 የሚጠጉ ደረጃዎች አሉ፤ አማራጩ የኬብል መኪና ወይም በቅሎና አህያ ነው። በከፍተኛው ወቅት የኬብሉ ሰልፍ በጠራራ ፀሐይ ረጅም ነው። በዚያ ላይ ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሳንቶሪኒና በሚኮኖስ በበጋቸው ለሚወርድ እያንዳንዱ የመርከብ መንገደኛ 20 ዩሮ ይከፈላል። እናትዎ ሳንቶሪኒን ከመርከቡ በረንዳ ቢያዩዋት አይቀርባቸውም፤ ሮድስና ቀርጤስ ላይ ግን መርከቡ ወደቡን ተጠግቶ ስለሚቆም በእግራቸው ይወርዳሉ። በሐምሌና በነሐሴ በኤጂያን ባሕር ላይ ከሰሜን የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ ስላለ ሊያጥወለውላቸው ይችላል። ክፍላቸው ከታችኞቹ ፎቆች በመርከቡ መካከል ይሁን። የማጥወልወል መድኃኒት ሐኪማቸው ይዘዝላቸው።

ጥያቄ፦ የአያት አካባቢ አባት ወኪሉ የነገራቸው ዋጋ ለአራት ሰው ቤተሰብ «በጣም ርካሽ» ሆኖባቸው ተጠራጥረዋል።

መልስ፦ መጠራጠርዎ ደግ ነው። ማስታወቂያ ላይ ያለው ዋጋ ሁለት ሰው በሚጋራው ክፍል የአንዱ ሰው ድርሻ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ሰው ብዙውን ጊዜ በቅናሽ ይጨመራሉ፤ የወደብ ቀረጥ ግን ለሁሉም እኩል ነው። ከዚያ የአስተናጋጆች ጉርሻ በራሱ ይታሰባል፤ በነፍስ ወከፍ በቀን 16 ዶላር ቢባል ለአራት ሰው በሰባት ቀን 448 ዶላር ይሆናል። ለስላሳ መጠጥ፣ ዋይፋይና በየወደቡ የሚደረገው ጉብኝት ከዚህ ውጭ ነው። የአውሮፕላኑን ትኬት ጨምረው ይደምሩና እንደገና ርካሽ ነው ካሉ ይጻፉልኝ። የውጭ ምንዛሪውን ነገር ባንክዎ ይነግርዎታል።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ዋና አይችሉም፤ ያስፈልጋቸዋል? (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ እጅግ ያስፈልጋቸዋል። በከተማችን ዳርቻ ያደገ ልጅ ውኃን የሚያውቀው በበርሜልና በክረምት ጎርፍ ነው፤ ባለ ሁለት ሜትር ገንዳ ሲያይ ጥልቀቱ አይታየውም። ሮያል ካሪቢያን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመርከቦቹ ገንዳዎች ላይ ነፍስ አድን ዋናተኞች መድቧል፤ የዲስኒ መርከቦችም አላቸው። በሌሎች ብዙ መርከቦች ግን ከገንዳው አጠገብ «ጠባቂ የለም» የሚል ሰሌዳ ብቻ ያገኛሉ። ሁለት መርከብ በእኩል ከታዩዎት ጠባቂ ያለውን ይውሰዱ፤ ጠባቂ ቢኖርም ከገንዳው ዳር አይነሱ። ሽንት ጨርቅ ያልተወ ሕፃን ወደ ዋናው ገንዳ እንደማይገባም ይወቁ። እስከ ጉዞው ጊዜ ካለዎት ልጆቹን ለአሠልጣኝ ይስጡ፤ ይህን እንደ ትርፍ ነገር እንዳይቆጥሩት አደራ።

ጥያቄ፦ ቪዛው ሁሉ ካስቸገረ መርከቡን ትተን ደሴት ብቻ ብንሄድስ? (ሁለት እህትማማቾች፣ ከጀሞ)

መልስ፦ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር። ሲሼልስ ከኢትዮጵያ ፓስፖርት ባለቤት ቪዛ አትጠይቅም፤ ከመነሳት በፊት በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድና ክፍያው ይበቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዋናዋ ደሴት ማሄ ያደርሳችኋል። ከማሄ ወደ ፕራስሊን ፈጣን ጀልባ በአንድ ሰዓት ገደማ፣ ከፕራስሊን ወደ ላ ዲግ ደግሞ ሩብ ሰዓት በሚሆን ጊዜ ውስጥ ይሻገራል፤ ሦስት ደሴት በራሳችሁ ጊዜ አያችሁ ማለት ነው። ፕራስሊን ላይ ቫሌ ደ ሜ የተባለውን፣ በዓለም ትልቁን የተክል ዘር የሚያፈራው የዘንባባ ዝርያ የሚበቅልበትን ጫካ እንዳታልፉት፤ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ስለሚበረታ ጀልባው ይንገላታል፤ ለልጆቹ ፌስታል ያዙ።

ጥያቄ፦ ከወደብ ወርደን ብንዘገይ መርከቡ ይጠብቀናል? (ከለገጣፎ፣ ሌላ አንባቢ)

መልስ፦ ጉብኝቱን ከራሱ ከመርከቡ የገዛችሁ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይጠብቃል። በራሳችሁ ታክሲ ከወጣችሁ አይጠብቅም፤ መርከቡ ከሚነሳበት ሰዓት ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ወደቡ ላይ ተገኙ። ስልካችሁንም ሳይሆን የእጅ ሰዓታችሁን በመርከቡ ሰዓት ሙሉ።